እምቦጭ የሚነቅል ሰው እንዴት ይቆማል? የአንድ አኒሜሽን ትዕይንት የጉዳይ ጥናት ከጣና ዳር

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ዘጠኝ ሰከንድ የሚፈጅ አንድ የአኒሜሽን ትዕይንት ነው። በትዕይንቱ ውስጥ አንድ ገበሬ እስከ ጉልበቱ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆሞ እምቦጭ ይነቅላል፤ የነቀለውንም ወደ ዳር ይወረውራል። ከዚህ ሌላ የሚሆን ነገር የለም። ይህን ትዕይንት ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ለምን እንደ ከሸፈና ሁለተኛው በምን እንደ ተስተካከለ ከነዝርዝሩ መጻፍ የፈለግሁት፣ በአማርኛ ስለ አኒሜሽን የማገኘው ጽሑፍ አብዛኛው ስለ ሶፍትዌር አጠቃቀም ስለሆነ ነው። የሰው አካል ክብደትን እንዴት እንደሚጎትትና እንደሚሸከም መመርመር ከሶፍትዌሩ በፊት የሚመጣ ሙያ መሆኑን እኔ ራሴ የተረዳሁት በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ሥራውን የሰጠን በጣና ዙሪያ ለሚኖሩ ገበሬዎችና ተማሪዎች ስለ እምቦጭ የሚያስተምር የሦስት ደቂቃ አኒሜሽን የፈለገ አንድ ድርጅት ነበር። እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የጎዳው የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ማለትም የደንቢያን፣ የጎንደር ዙሪያን፣ የሊቦ ከምከምንና የፎገራን ጠረፍ ነው። አረሙ ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ማሽን ሊገባበት የማይችለው ረግረግም ብዙ ስለሆነ የዳርቻው ሕዝብ በዘመቻ እየወጣ በእጁ ሲነቅለው ቆይቷል። ስለዚህ የፊልሙ ዋና ሰው ነቃይ ገበሬ እንዲሆን ተስማማን። የምንሠራው ሦስት ሰዎች ሆነን ባሕር ዳር ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው፤ አንዱ ገጸ ባሕርያቱን ይሥላል፣ አንዷ ድምፁን ታዘጋጃለች፣ እኔ ደግሞ እንቅስቃሴውን ብሌንደር በተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር እሠራለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ

አኒሜተር ከወንበሩ ላይ ተነሥቶ እንቅስቃሴውን ራሱ ሠርቶ፣ በስልክ ቀርፆና ተመልክቶ ካልሆነ በቀር ኪፍሬም፣ ማለትም የእንቅስቃሴውን ዋና ዋና አቋሞች፣ ማስቀመጥ አይጀምርም። ይህን ደንብ አውቀው ስለ ነበር በክፍላችን ወለል ላይ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፌ፣ ጎንበስ ብዬ ጫፉን ያዝሁና እንደሚከብድ ነገር አድርጌ ጎተትሁት። ፊቴን አኮማተርሁ፣ ክርኖቼን ወደ ጎኔ ሳብሁ፣ ትከሻዬንም አነሣሁ። ቪዲዮውን ሳየው አሳማኝ መስሎ ታየኝ። በአራት ቀን ውስጥ ዘጠኙን ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታሰብ 216 ፍሬሞችን፣ ሠርቼ ጨረስሁ።

አንድ ሌላ ውሳኔም ወስጄ ነበር። ገበሬው ከጉልበቱ በታች በውኃ የተሸፈነ በመሆኑ እግሮቹ ለተመልካች አይታዩም፤ ስለዚህ ጊዜ ለመቆጠብ ስል ሁለቱንም እግሮች በአንድ ቦታ አቁሜ፣ ከዳሌው በላይ ያለውን ብቻ አንቀሳቀስሁ።

ፊልሙን ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ሲቀረን ለሙከራ ያህል ለዳርቻው ነዋሪዎች ለማሳየት በጎንደር መንገድ ሐሙሲትን አልፈን ወደ ወረታ፣ ከዚያም ወደ ፎገራ ጠረፍ ሄድን። በአንድ ግቢ ውስጥ ከጥላ ሥር ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጠን ለአሥራ አምስት ያህል ሰዎች አሳየን። ስለ እምቦጩ አመጣጥ የተነገረውን በጥሞና ሰሙ። ነቃዩ ገበሬ ሲመጣ ግን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ጎመን እየቀነጠሰ ነው እንጂ እምቦጭ እየነቀለ አይደለም» አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩ አንድ አዛውንት ደግሞ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እግሩ የት አለ?» ብለው ጠየቁ።

«ከውኃው በታች ነው አባቴ፣ አይታይም» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም «አይታይም፤ ግን የለም» አሉ።

ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብሁት ይህን አነጋገር ነው። እግሩን አላዩትም፤ ሆኖም አለመኖሩን አውቀዋል። እንዴት?

ባዶው ማዳበሪያ

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ከአኒሜሽን ውጪ፣ በሥነ ልቡና ምርምር ውስጥ ነው። ጉናር ዮሐንሰን የተባለ የስዊድን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰዎች መገጣጠሚያዎች ላይ፣ በትከሻ፣ በክርን፣ በእጅ አንጓ፣ በዳሌ፣ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት ላይ፣ ጥቃቅን ብርሃኖችን አድርጎ በጨለማ ቀረጻቸው። በፊልሙ ላይ አካል አይታይም፤ የሚታዩት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ነጥቦች ብቻ ናቸው። ነጥቦቹ ቆመው ሳሉ ትርጉም አልነበራቸውም። በተንቀሳቀሱ ጊዜ ግን ተመልካቾች የሚራመድ ሰው መሆኑን ወዲያው ለዩ።

ከእኔ ስሕተት ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ስቨርከር ሩኔሶንና ጉኒላ ፍሪክሆልም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት፣ ተመልካቾች ነጥቦቹን ብቻ በማየት አንድ ሰው ያነሣው ሣጥን ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት እንደሚችሉ አሳዩ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ሥራ ሲቀጥሉ ደግሞ፣ ሣጥኑን የሚያነሣው ሰው ክብደቱን አስመስሎ ለማታለል በሚሞክርበት ጊዜ እንኳ ተመልካቾች የማታለል ሐሳቡን እንደሚለዩ አረጋገጡ። ምክንያቱም ክብደት በፊት መኮማተር ወይም በክንድ መታጠፍ የሚገለጥ አይደለም፤ ሸክሙ መላውን አካል ሚዛኑን እንዲያስተካክል ስለሚያስገድደው፣ ሸክም የሌለበት አካል ያንን ማስተካከያ በፈቃዱ አሟልቶ ሊሠራው አይችልም።

እኔ የቀረጽሁት ባዶ ማዳበሪያ ነበር። ገጸ ባሕርዩም የቀዳው ያንን ማስመሰል በታማኝነት ነው። እኒያ እናት ጎመን መቀንጠስ ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጎመን ሲቀነጠስ የሚሠራው ጣትና የእጅ አንጓ ብቻ ነው፣ የእኔም ገበሬ የሚሠራው በክንዱ ብቻ ነበር።

በዳርቻው ሁለት ቀን

ከሳምንት በኋላ ካሜራ ማቆሚያና ሁለት ስልክ ይዤ ተመለስሁ። ነቃዮቹን ለምን እንደምቀርጽ አስረድቼ፣ ፊታቸው በፊልሙ ላይ እንደማይወጣ ነግሬ ፈቃዳቸውን አገኘሁ። አንዱን ስልክ በትክክል ከጎናቸው፣ በዳሌያቸው ከፍታ ልክ አቆምሁት። ስልኩ ከፍ ብሎ ቁልቁል ሲያይ የዳሌው መውረድና መውጣት ይሸሸጋል፤ ዝቅ ብሎ ሽቅብ ሲያይ ደግሞ ይጋነናል። ሁለተኛውን ከፊት ለፊታቸው አደረግሁ። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ፕላስተር የተለጠፈበት ዘንግም ከነቃዩ አጠገብ ጭቃው ውስጥ ተከልሁ፤ ያለ እርሱ በኋላ ከቪዲዮው ላይ ምንም ነገር መለካት አይቻልም።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ቪዲዮ ለሥራ የሚሆን አልነበረም። ሰው እንደሚቀረጽ ሲያውቅ ሥራውን ትቶ የሥራውን መልክ ያሳያል፤ ሁሉም ከወትሮው ይልቅ በፍጥነትና በኃይል ይጎትቱ ነበር። ስለዚህ ስልኮቹን እንደ ተከፈቱ ትቼ ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ ከበረታችና ወሬው ከደራ በኋላ ረሱኝ። የተጠቀምሁበት ሁሉ ከዚያ በኋላ የተቀረፀው ነው።

ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጉ አንድ ሰው ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን ሳቡት፤ እንቅስቃሴያቸው የተቆጠበና ብክነት የሌለበት ነበር። ውኃው ውስጥ ሲሄዱ እግራቸውን አያነሡም፤ ያንሸራትቱታል፣ ጣቶቻቸውም ከፊት እየቀደሙ ጠንካራ መሬት ይፈልጋሉ። ቦታውን ሲያገኙ ግራ እግራቸውን ወደ አረሙ አስቀድመው፣ ቀኙን ወደ ኋላና ወደ ውጭ ያደርጉና፣ የቀኙን ተረከዝ ሁለት ጊዜ ዞር ዞር አድርገው ጭቃው ውስጥ ይቀብሩታል። «እግሩን ተከለ» የምንለውን አነጋገር በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ያጎነብሳሉ። እጃቸው ቅጠሉን አይዝም፤ ከውኃው በታች ገብቶ ሥሩ የሚነሣበትን ግንድ ይጨብጣል። ጆሯቸው ውኃውን ሊነካ ስለሚደርስ ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ፤ ስለዚህ የሚነቅሉትን ነገር አያዩትም፣ የሚያዩት አድማሱን ነው። እኔ በመጀመሪያው ሥራ የገበሬውን ዓይን እምቦጩ ላይ ተክዬው ነበር።

ከመጎተታቸው በፊት አንድ ጊዜ አጠር አድርገው ይነቀንቁታል። እምቦጭ እያንዳንዱ ተክል ለብቻው የቆመ አይደለም፤ በውኃው ላይ በሚዘረጉ ተሳቢ ግንዶች እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ አንዱን የሳበ ሰው ጎረቤቱንም አብሮ ይስባል። «አባቴ፣ መጀመሪያ ለምን ይነቀንቁታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይመጣ እንደሆን እጠይቀዋለሁ» አሉኝ፤ «እምቢ ካለኝ እግሬን እጨምራለሁ።»

እግሬን እጨምራለሁ። እጄን አላሉም። በቪዲዮው ላይ ደጋግሜ ስመለከት በትክክል እንዲሁ ነበር። ሲጎትቱ ክርናቸው አይታጠፍም። ክንዳቸው ከትከሻ እስከ ጭብጥ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ የሚሠሩት ጭኑ፣ ዳሌውና ወገቡ ናቸው። ክርኑ የሚታጠፈው አረሙ ከለቀቀ በኋላ፣ ለመወርወር ሲሉ ብቻ ነው። የእኔ ገበሬ በክርኑ ጀምሮ በክርኑ ይጨርስ ነበር። የአካሉን ቅደም ተከተል በተመለከተ ኮርዶና ናሽነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ከጡንቻ በኩል ያረጋግጣል፤ ቆሞ እጀታ የሚስብ ሰው ከክንዱ ጡንቻ አስቀድሞ የሚሠራው የባቱ ጡንቻ ነው። አካል እጁን ከማዘዙ በፊት እግሩን ያዘጋጃል ማለት ነው። አማርኛችን ለአካሉም ለኃይሉም «ጉልበት» የሚል አንድ ቃል መያዙን ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው ኖሬ ልብ ያልሁት በዚያ ዳርቻ ላይ ነው።

በሁለተኛው ቀን እኔም ገባሁ። የሌላውን አካል በማየት ብቻ የማይገኝ ነገር እንዳለ ስለ ተጠራጠርሁ ሱሪዬን ጠቅልዬ አጠገባቸው ቆምሁ። ሦስተኛውን ስጎትት የያዝሁት የቅጠሉ አገዳ ነበር፤ የእምቦጭ አገዳ አየር የያዘና እንደ ስፖንጅ የላላ ስለሆነ ተበጠሰ፣ እኔም በጀርባዬ ውኃው ውስጥ ወደቅሁ። ከሁለቱ ቀናት ሁሉ የላቀው ትምህርት ይህ ውድቀት ነው። የወደቅሁት የአካሌ የክብደት ማዕከል፣ ማለትም የአካሌ ክብደት ሁሉ እንደ ተሰበሰበበት የሚቆጠረው ነጥብ፣ ከእግሬ ጀርባ ስለ ነበረ ነው፤ ሳልወድቅ ያቆየኝም ሸክሙ ራሱ ነበር።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ የክብደት ማዕከሉን እግሩ ከረገጠበት ነጥብ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያደርግና ጭብጡ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ በእጁ የሚስበው አግድም ኃይል 196 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ይህም 20 ኪሎ የሚመዝን፣ ማለትም ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል ክብደት ያለው ነገር አንጠልጥሎ ለመያዝ ከሚያስፈልገው ኃይል ጋር እኩል ነው። ማዕከሉ ከእግሩ በላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን፣ ሳይወድቅ ጸንቶ ሊስበው የሚችለው ነገር ከምንም አይቆጠርም። የመጀመሪያው ገበሬዬ በ216ቱም ፍሬም ውስጥ የክብደት ማዕከሉ ከእግሩ በላይ ነበር። አዛውንቱ «የለም» ያሉት እግር ይህ ነው። ከውኃው በታች ያለውን ሊያዩ አልቻሉም፤ ነገር ግን ከውኃው በላይ ያለው ደረት የሚናገረውን አንብበዋል።

ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም የመጎተት ወይም የመግፋት ትዕይንት የምጠቀምበት መፈተኛ ከዚሁ የመጣ ነው። በየትኛውም ፍሬም ላይ አቁሜ፣ ሸክሙ አሁን በድንገት ቢጠፋ ይህ ሰው ይወድቃል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የማይወድቅ ከሆነ አልጎተተም።

84 ፍሬም

ባሕር ዳር ተመልሼ ቪዲዮውን በፍሬም መቁጠር ስጀምር አስቀድሞ ያጋጠመኝ ቴክኒካዊ ችግር ነበር። አንዱ ስልክ የቀረጸው በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ሌላው በ30 ነው፤ ፊልማችን ደግሞ በ24 ይሠራል። በ30 የተቀረፀውን እንዳለ ፍሬም በፍሬም ወደ 24 የገለበጠ ሰው፣ አንድ ሰከንድ የፈጀውን እንቅስቃሴ አንድ ከሩብ ሰከንድ ያደርገዋል፤ ገጸ ባሕርዩም ከውኃ በታች የሚንቀሳቀስ ይመስላል። በተጨማሪም ብዙ ስልኮች የፍሬም ፍጥነታቸው እንደ ብርሃኑ መጠን ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ቪዲዮውን አስቀድሞ ወደ ቋሚ ፍጥነት መለወጥ ያስፈልጋል። ይህን ሳላደርግ ግማሽ ቀን ያህል ቆጥሬ እንደ ገና ለመጀመር ተገድጃለሁ።

የመረጥሁት አንድ ነቀላ በ60ው ስልክ 210 ፍሬም፣ በእኛ አቆጣጠር 84 ፍሬም፣ ማለትም ሦስት ሰከንድ ተኩል ነበር። እግር መትከሉ 20 ፍሬም ወሰደ። ጎንበስ ብሎ መጨበጥ 10፣ ንቅነቃው 6። ከዚያ 22 ፍሬም ሙሉ፣ ወደ አንድ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ፣ በሩቅ ለሚያይ ሰው ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። አረሙ የለቀቀው በ5 ፍሬም ውስጥ ነው። ቀኝ እግር ወደ ኋላ ረግጦ ሚዛን እስኪያገኝ 14፣ አካሉ እስኪረጋ ደግሞ 7።

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ልብ እነዚያ 22 ፍሬሞች ናቸው። በመጀመሪያው ሥራዬ አንድም ፍሬም እንዲህ የቆመ አልነበረም፤ ገበሬው ጎንበስ ብሎ ወዲያው ቀና ይል ነበር። ክብደት የሚታየው ነገሩ በተንቀሳቀሰ ጊዜ ሳይሆን ለመንቀሳቀስ እምቢ ባለ ጊዜ ነው። ዳሩ ግን «ምንም አልተንቀሳቀሰም» የሚለው ትክክል አይደለም። ቪዲዮውን አስፍቼ ስመለከት ዳሌው ከዘንጉ አንጻር በዝግታ ወደ ኋላና ወደ ታች ሲንሸራተት፣ ቀኝ ተረከዙ ጭቃው ውስጥ ይበልጥ ሲሰምጥ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ሲጠጋ፣ የአንገቱ ጅማት ሲወጣ፣ የጭብጡም አውራ ጣት ቦታ ሲለውጥ አየሁ። የእስትንፋሱ ድምፅ የለም፤ ትንፋሹን ይዞታል። ድምፁ የሚመጣው አረሙ ሲለቅ ነው። ይህን ለድምፅ ሠራተኛችን በነገርኋት ጊዜ፣ በመጎተቱ ላይ አስገብታው የነበረውን ማቃሰት አንሥታ ወደ መልቀቂያው ፍሬም አዛወረችው፤ ያ ለውጥ ብቻውን ትዕይንቱን ግማሽ ያህል አዳነው ብል አላጋነንሁም።

በዚህ ላይ አንድ ሰው፣ ቪዲዮውን ለምን በቀጥታ አልገለበጥኸውም ሊል ይችላል። ማክስ ፍላይሸር እ.ኤ.አ. በ1917 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሮቶስኮፕ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ የተቀረፀ ሰው ላይ ፍሬም በፍሬም መሣል። እኔም ሞክሬዋለሁ፣ አልሆነም። የእኛ ገበሬ የተሣለው ጭንቅላቱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር ሆኖ ነው፤ ስለዚህ የክብደት ማዕከሉ ከእውነተኛ ሰው ከፍ ይላል። የእውነተኛውን ሰው ዘንበላ እንዳለ ሲሰጡት ማዕከሉ ወደ ኋላ ከሚገባው በላይ ይርቅና ከመጎተቱ በፊት የሚወድቅ ይመስላል። ዘንበላውን ቀንሼ፣ የሁለቱን እግሮች ርቀት አሰፋሁ፤ ከቪዲዮው የወሰድሁት ጊዜውንና ቅደም ተከተሉን ነው እንጂ ቅርጹን አይደለም።

ሁለተኛውን ሥራ የጀመርሁት ከእግር ነው። ውኃውን ከትዕይንቱ አንሥቼ፣ ክንዶቹን ደብቄ፣ እግሮችንና ዳሌን ብቻ ሠራሁ፤ ክንድ የሌለው አካል የሚጎትት መስሎ እስኪታየኝ ድረስ ወደ ላይ አልወጣሁም። ከዚያ አከርካሪውን፣ ትከሻውን፣ በመጨረሻም እጁን ጨመርሁ። አረሙ ሲለቅ ዳሌው ቀድሞ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ትከሻው በ2 ፍሬም፣ እጁ ደግሞ በሌላ 2 ፍሬም ይከተላል፤ ጥቁርና ላባ የሚመስለው የእምቦጩ ሥር ከሁሉም ዘግይቶ እየተጎተተ ይመጣል። በመጨረሻ ውኃውን መልሼ እግሮቹን ሸፈንኋቸው።

ጠብታዎቹንም አስተካከልሁ። ከ80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ጠብታ ውኃው ላይ ለመድረስ 10 ፍሬም ገደማ ይበቃዋል። የእኔ የቀድሞ ጠብታዎች 24 ፍሬም ይፈጁ ነበር፤ ይህ በጨረቃ ላይ የሚወድቅ ነገር ፍጥነት ነው። የአረሙ ቅልለት ከገበሬው ብቻ ሳይሆን ከጠብታዎቹም ይመጣ ነበር ማለት ነው።

ሬንደር ከማድረጌ፣ ማለትም የመጨረሻውን ምስል በኮምፒውተር ከማውጣቴ፣ በፊት የዮሐንሰንን ዘዴ ተጠቀምሁ። በሁለቱም ሥራዎች ላይ አካሉን ደብቄ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ 13 ነጭ ነጥቦችን ብቻ አስቀርቼ፣ ስለ ፊልሙ ምንም ለማያውቁ ጎረቤቶቻችን አሳየኋቸው። የመጀመሪያውን ያዩ፣ «ልብስ እያሰጣ ነው» እና «የሆነ ነገር እየለቀመ ነው» አሉ። ሁለተኛውን ያየች አንዲት የቤት ሠራተኛ ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ፣ «ምን ይሆን እንዲህ የከበደው? ገመድ ነው የሚጎትተው?» አለችኝ። እምቦጭ መሆኑን ልታውቅ አትችልም። ክብደቱን ግን አውቃለች፤ የፈለግሁትም እርሱን ነበር።

ሁለተኛው ዕይታ

መብራት እየጠፋ ሬንደሩ አራት ቀን ከፈጀ በኋላ፣ ማስረከቢያው ቀን ሳይደርስ እንደ ገና ወደዚያው ግቢ ሄድን። እኒያ እናትም አዛውንቱም ነበሩ። ትዕይንቱ ሲመጣ የተናገረ ሰው አልነበረም። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ወደ ስክሪኑ ቀረቡና የቀኝ እግራቸውን ተረከዝ መሬቱ ላይ ዞር ሲያደርጉ አየሁ፤ ይህን ማድረጋቸውን ያወቁ አይመስለኝም።

በመጨረሻው ሰከንድ፣ ገበሬው አረሙን ከወረወረ በኋላ፣ አንድ ነገር ጨምሬ ነበር። በዳርቻው የቀረጽኋቸው ሰው ከሃያ ያህል ነቀላ በኋላ ቀና ሲሉ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ተደግፈው ይነሡ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ አያደርጉትም፣ ድካም ያመጣው ነው። የፊልሙ ገበሬም እንዲሁ ተደግፎ ተነሣ። እኒያ እናት ያን ጊዜ፣ «ዛሬ ማታ ወገቡን ያመዋል» አሉ።

ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ ከገበሬው ጀርባ የምትነቅለውን ሴት አመለከቱኝ። የእርሷን እንቅስቃሴ ከገበሬው ላይ ቀድቼ ጥቂት ለውጬ የሠራሁት ነበር። «ሴት እንዲህ አትነቅልም» አሉኝ፤ ተነሥተውም ቀሚሳቸውን በመቀነታቸው ላይ ሸጎጥ አድርገው፣ ሁለቱን እግሮቻቸውን ፊትና ኋላ ሳይሆን ጎን ለጎን አራርቀው ቆመው አሳዩኝ። ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ልጀምር ስል እጄን ያዙኝ፤ «እዚህ ደረቁ ላይ ምን ታያለህ፣ ነገ ጠዋት ውኃው ውስጥ ስንገባ ና» አሉኝ። በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፕላስተር የተለጠፈበትን ዘንግ ይዤ ወረድሁ።